እንደ ራሴ

እስቲ ለአፍታ ራሳችሁን በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ከወረዳችሁ ተመርጣችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆናችኋል። ፊት ለፊታችሁ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ረቂቅ አዋጅ ነው፤ ለአገሪቱ በጠቅላላ እንደሚበጅ ታምናላችሁ፤ የመረጣችሁን ወረዳ ግን ይጎዳል። ሁለተኛው ከወረዳችሁ ሽማግሌዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። «ልጃችን ብለን ልከንሃል፤ ይህን አዋጅ አታሳልፍብን» ይላል። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ብለው እጅ እንዲወጣ ጠየቁ። ምን ታደርጋላችሁ?

ይህ ጥያቄ በወጣቶች መካከል ሲነሣ ቤቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ሕዝብ ልኮታል፤ የተላከ ሰው የላኪውን ቃል ይፈጽም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አገር ከወረዳ ይበልጣል፤ ኅሊናውን ይከተል» ይላል። ሁለቱም መልስ በችኮላ የተሰጠ ነው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሰው መላክ ለምን አስፈለገ? ደብዳቤው በፖስታ ቢሄድ ይበቃ ነበር። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ወረዳው መምረጡ ለምን? ዐዋቂዎች ተሰብስበው አገሪቱን ቢያስተዳድሩ ይቀል ነበር።

አባቶቻችን ለዚህ ሰው ያወጡለት ስም ከሁለቱም መልስ የጠለቀ ነው። «እንደራሴ» ይሉታል። ቃሉ «እንደ» እና «ራሴ» ተጋጥመው የተሠራ ነው። ጥንት በንጉሥ ስም ሆኖ የሚያስተዳድር ሰው መጠሪያ ነበር፤ ተፈሪ መኰንን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ኋላ ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ለሕዝብ ተወካይ ዋለ። አስተውሉ፤ ድሮ «እንደ ራሴ ነህ» ብሎ የሚልከው ንጉሥ ነበር፤ ዛሬ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው ነው።

ታዲያ አንድን ሰው «እንደ ራሴ ነህ» ማለት ምን ማለት ነው? መልእክተኛ የተነገረውን ያደርሳል፤ ቃል አይጨምርም፤ አይቀንስም። እንደ ራሴ ያልሁት ሰው ግን ከዚያ ያልፋል። እኔ በቦታው ብሆን፣ እርሱ የሰማውን ብሰማ፣ እርሱ ያየውን ባይ፣ የማደርገውን ያደርግልኛል። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ራሱ ለሁለት ይሰነጠቃል። እኔ ላደርገው የምፈልገውን ነው የሚያደርግልኝ? ወይስ ላደርገው የሚገባኝን? እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ማንበብም አያስፈልግም ነበር።

የአገራችን ሕገ መንግሥትም ይህን ስንጥቅ አልሸፈነውም። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህ ማለት ከ547ቱ የምርጫ ክልሎች በአንዱ የተመረጠ ሰው የቀሩት 546ቱም ተወካይ ነው ማለት ነው። ተገዢነታቸውም ለሦስት ነገር ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። ይኸው አንቀጽ ግን ወረድ ብሎ፣ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ያጣበት ተወካይ ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችል ያስታውቃል። በአንድ በኩል «ኅሊናህን ስማ»፣ በሌላ በኩል «የላከህ ሕዝብ ሊያነሣህ ይችላል»። ሕጉ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸውና ለሰውየው ተወለት። ሕግ እስከዚህ ድረስ ነው የሚሄደው፤ የቀረው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። ሁለት ሦስት የእንግሊዝ ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ፤ ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1774 ኤድመንድ በርክ የሚባል ፖለቲከኛ የብሪስቶል ከተማ ተወካይ ሆኖ ተመረጠ። ብሪስቶል የነጋዴዎች ወደብ ናት። አብሮት የተመረጠው ሄንሪ ክሩገር የመራጮቹን መመሪያ እንደሚቀበል ተናግሮ ነበር። በርክ ግን እዚያው፣ ድምፁን በሰጡት ሰዎች ፊት ቆሞ፣ ትጋቱን ሁሉ እንደሚሰጣቸው ፍርዱን ግን እንደማይሸጥላቸው አስረዳ። ፓርላማው በእርሱ አሳብ የየከተማው ጠበቆች የሚሟገቱበት አደባባይ ሳይሆን የአንድ አገር ሸንጎ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አየርላንድ ላይ የተጣለው የንግድ ገደብ እንዲላላ ሲደግፍ የብሪስቶል ነጋዴዎች ተቈጡ፤ ገበያ የሚሻማን ሰው ለምን ይደግፋል? በ1780ው ምርጫ እንደማያሸንፍ ሲያይ ራሱን አገለለ።

የበርክ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ለኅሊና ሰው ጥሩ ምሳሌ ይሆን ነበር። ግን አያልቅም። አንደኛ፣ በርክ ወደ ብሪስቶል የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ መራጮቹም በዚህ ከስሰውታል። ሁለተኛ፣ ከብሪስቶል ሲወጣ የገባው ማልተን ወደምትባል፣ ተወካይዋን አንድ ትልቅ ባላባት በቃሉ ወደሚወስንባት ትንሽ ቦታ ነው። ከነጋዴዎች ጫና ያመለጠ ኅሊና በአንድ መኰንን በጎ ፈቃድ ሥር አደረ። እንግዲህ «እኔ ኅሊናዬን እከተላለሁ» የሚል ሰው ስትሰሙ ሁለት ነገር ጠይቁት። የላኩህን ሰዎች መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው? አሁንስ ወንበርህን የያዘልህ ማን ነው?

ሁለተኛው ሰው ዊልያም ሮስኮ ነው። የሊቨርፑል ተወላጅ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ጸሓፊ ነበር። ሊቨርፑል በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ትልቁ የባሪያ ንግድ ወደብ ናት። መርከብ ሠሪው፣ ገመድ ጠማዡ፣ መርከበኛው፣ ባለ ባንኩ፣ አብዛኛው ሰው በቀጥታም ባይሆን በዙሪያው ከዚያ ንግድ ይበላል። ሮስኮ በ1806 በዚህች ከተማ ተመረጠ። በየካቲት 1807 የባሪያ ንግድ የሚከለክለው ረቂቅ ሕግ ለድምፅ ሲቀርብ የሊቨርፑሉ ሰው ተነሥቶ ሕጉን ደገፈ። ረቂቁ በ283 ድምፅ ለ16 አለፈ። ሮስኮ ሦስት ወር ሳይሞላው ወደ ከተማው ሲመለስ የተቀበለው ዱላ የያዘ ሕዝብ ነው፤ ብዙዎቹ መርከበኞች ነበሩ። ለካቶሊኮች መብት መቆሙም ተጨምሮበት በዚያው ዓመት ወንበሩን አጣ።

እዚህ ላይ ቸኩለን አናጨብጭብ። የወደቡ ሠራተኛ ቁጣ ከንቱ አልነበረም። ነገ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አያውቅም፤ እንጀራውን የቆረጠበት ደግሞ ራሱ የላከው ሰው ነው። «ከተማችንን ሸጠብን» ቢል አይገርምም። ታዲያ ሮስኮ ትክክል ነበር የምንለው በምን ሚዛን ነው? «አገር ከከተማ ስለሚበልጥ» ካልን መልሱ ደካማ ነው። የእንግሊዝ አገርም ከዚያ ንግድ ታተርፍ ነበር፤ ጥያቄው በጥቅም ብቻ ከተመዘነ አገርም ከተማም በአንድ ወገን ይቆማሉ። ሮስኮ ትክክል የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። በዚያ ንግድ ዋጋውን የሚከፍሉት ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ከአፍሪካ ጠረፍ በሰንሰለት ታስረው በመርከብ ሆድ ውስጥ የተጫኑት ሰዎች በሊቨርፑል ድምፅ የላቸውም፤ በለንደን ወንበር የላቸውም፤ የሚያስገቡት አቤቱታ የለም። የሊቨርፑል ሰው እንደራሴ አለው። እነርሱን ግን «እንደ ራሴ» የሚላቸው ሰው ጠፍቶ ነበር።

ይህን ሕግ ለዓመታት ሲገፋ የኖረው ዊልያም ዊልበርፎርስ ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በእምነቱ ምክንያት ሰምታችኋል። በ1789 በፓርላማ ጥያቄውን አነሣ፤ በ1791 ያቀረበው ረቂቅ በ163 ለ88 ወደቀ፤ ንግዱ የተከለከለው በ1807 ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን ዊልበርፎርስ የዮርክሺር፣ ያም የሱፍ ሸማኔዎች የበዙበት ትልቅ አውራጃ ተወካይ ነበር። በ1806 የሱፍ ሥራውን ጉዳይ በመረመረው የፓርላማ ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጧል። በ1812 ጤናውና የቤተሰቡ ኃላፊነት ሲከብዱበት የአውራጃውን ሥራ እንደሚገባ መሥራት እንደማይችል አይቶ ያን ትልቅ ወንበር ለቀቀና ሥራዋ ቀላል ወደ ሆነች ትንሽ የምርጫ ክልል ተዛወረ። ከሩቅ ስላሉት ሰዎች መጮህ የቅርቡን ሥራ እንደማይተካ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በእርግጥ ትንሿ ቦታም እንደ በርክ ማልተን በባለርስት ፈቃድ የምትያዝ ነበረች። ታሪክ ንጹሕ ሰው ፈልጋችሁ እንድታገኙበት አልተጻፈም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ነገሩ እዚህ ሲመጣ መልኩን ይለውጣልና።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከእናንተ መካከል ወላጆቹ ከደመወዛቸው ቦንድ ያልገዙ ጥቂት ነው። ለአገሪቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ልነግራችሁ አያስፈልግም። ነገር ግን ግድቡ ያለው በአየር ላይ አይደለም፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ነው። ውኃው የተኛበት ሥፍራ የሰው ሥፍራ ነበር። ከወንዙ ዳር ዓሣ እያጠመዱ፣ በዳርቻው እያረሱ የኖሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሥተው በሌላ ቦታ ሰፍረዋል። ከዚያ አካባቢ የተላከ እንደራሴ ቢሆኑ ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር?

በሊቨርፑል ጊዜ ሚዛኑ ወደ «አገር» ያጋደለ መስሎን ነበር። እዚህ ግን ዋጋ ከፋዩ ራሱ ወረዳው ነው። አዳራሹ ውስጥ ቁጥሩ ጥቂት፣ ድምፁ ቀጭን የሆነው እርሱ ነው። ስለዚህ ያው ሚዛን አሁን ወደ ወረዳው ያጋድላል። የጉባ እንደራሴ «ግድቡ አይሠራ» ማለት አይጠበቅበትም፤ እርሱም የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ በጨለማ የሚያጠና ተማሪ በሌላ ክልልም አለው። ግን «እሺ» ከማለቱ በፊት፣ እሺ ካለም በኋላ፣ «የተነሡት ሰዎች መሬት የት ነው? ውኃቸው፣ ትምህርት ቤታቸው፣ ጤና ጣቢያቸው የት ነው? መብራቱስ መጀመሪያ ማን ቤት ይበራል?» ብሎ ሳይታክት መጠየቅ ግዴታው ነው። ይህን መጠየቅ ጠባብነት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ እንደሚገባው ደንግጓል። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር በጣራው ላይ እያለፈ እርሱ በኩራዝ የሚያመሽ መንደር «አገራዊ ጥቅም» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ቢሰማ አትፍረዱበት።

እንግዲህ የማቀርብላችሁ መልስ ይህ ነው። የእንደራሴ የመጀመሪያ ጥያቄ «አገር ይበልጣል ወይስ ወረዳ?» አይደለም። የመጀመሪያ ጥያቄው «በዚህ ውሳኔ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? እርሱስ በዚህ አዳራሽ አፍ አለው?» የሚል ነው። አፍ የሌለው ከፋይ በሩቅ ካለ ኅሊና መራጩን ትቶ ወደ ሩቁ ይሄዳል። አፍ የሌለው ከፋይ መራጩ ራሱ ከሆነ ኅሊና ወረዳው ዘንድ ይቆማል።

ይህ መልስ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለበት። «እንዲህ ከሆነ የሚጎዳ ሰው ባለበት ሁሉ ሥራ ይቆማል፤ መንገድ ሲሠራ የሚፈርስ አጥር፣ ታክስ ሲጨመር የሚያጉረመርም ነጋዴ አለና» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ጉዳት ሁሉ ግፍ አይደለም። የሊቨርፑል ነጋዴም ተጎድቷል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ነጋዴው ያጣው ትርፍ ነው፤ በመርከቡ ሆድ የታሰረው ያጣው ሰውነቱን ነው። ትርፍ ያጣ ሰው ሌላ ሥራ ሊፈልግ፣ ሊካስ፣ ሊረዳ ይችላል። ሊቨርፑልም በ1807 አልሞተችም፤ በዚያ ክፍለ ዘመን ይልቁን ታላቅ ወደብ ሆነች፤ ምንም እንኳ ወደብዋን ያጨናነቀው ጥጥ ራሱ በአሜሪካ ባሪያዎች እጅ የተለቀመ ቢሆንም። ስለዚህ እንደራሴ ሁለት ነገር ይመዝናል። የሚጠፋው ነገር ሊመለስ ወይም ሊካስ የሚችል ነው? ሸክሙስ ለጥቂቶች ብቻ ተጭኖ ጥቅሙ ለብዙዎች የሚከፋፈል ነው? ሊካስ የሚችል ከሆነ ይካስ፤ ሥራውም ይቀጥል። ሊካስ የማይችል ከሆነ ግን የብዙኃን ደስታ ስሌቱን አያስተካክለውም።

በኢየሩሳሌም የነበረችው የመጀመሪያይቱ ጉባኤም ይህን ገጥሟታል። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በዕለት ማዕድ ሲዘነጉ ወገኖቻቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት «እኛ የምንሠራው ከማዕድ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ታገሡ» ብለው አልሸኟቸውም፤ ሕዝቡ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡትን ስም ብታነቡ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። የተዘነጋው ወገን ማዕዱን እንዲያድል ተሾመ ማለት ነው። ትልቁም ሥራ አልቆመም፤ የጥቂቶቹም ጉድለት አልተናቀም።

እስካሁን ስለ አገርና ስለ ወረዳ ተነጋገርን። በአዳራሹ ውስጥ ግን ሦስተኛ ተፎካካሪ አለ፤ ሰውየው ራሱ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው አባባላችን «እንደ ራሴ» ከሚለው ቃል ጋር በአንድ ቋንቋ ውስጥ መኖሩ ይገርመኛል። ሁለቱም ስለ «ራስ» ይናገራሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ለፓርላማ ለመመረጥ የንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማስተካከል የተዘጋጀው ረቂቅ አዋጅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ ፓርላማ ገባ፤ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። ጭሰኛው ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ በአዳራሹ የሚቀመጠው ግን ብዙውን ጊዜ ባለመሬቱ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. ሲደርስ ነገሩ በውይይት ሳይሆን በአንድ ጊዜ አዋጅ ተቈረጠ። በጊዜው ያልተሰማ አቤቱታ ኋላ በሌላ ቋንቋ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ስል ሸክሙን በተወካዩ ጫንቃ ላይ ብቻ እየጣልሁ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠሩት ሹሞች ብቻ አይመስሉኝም፤ እኛም አብረን ስቀንበታል። ተወካያችን ለዕረፍት ሲመጣ የምንጠይቀው «ምን አመጣህልን?» ብለን ነው። ከሰፈራችን የውኃ ቦኖ ሲበላሽ የፌዴራሉን ተወካይ እንወቅሳለን፤ ቦኖው ግን የወረዳው ምክር ቤትና የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ ተወካይ ሥራ ሕግ ማውጣት፣ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምረው በጀት ዓመት በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። በተሳሳተ በር እያንኳኳን «አልተከፈተልንም» እንላለን፤ ትክክለኛው በር ደግሞ ሳይንኳኳ ይውላል።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ድረስ አባላቱ ወደ ሕዝባቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው። በዚያ ክረምት ተወካያችሁ ወደ ወረዳችሁ አዳራሽ ሲመጣ የወጣቶች ወንበር ባዶ አይሁን። ስለ መንገዱ ጠይቁት፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግን ከእርሱ ጋር ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። «ዘንድሮ እጅህን ያወጣህበት አዋጅ ማንን ጎዳ? እነርሱንስ ሄደህ አይተሃቸዋል?» በሉት። ስለ ሌላ ወረዳ ሰው የሚጠይቅ መራጭ ሲያይ ምናልባት ይደነግጥ ይሆናል። ይደንግጥ።

የሮስኮን ነገር ሳስብ የሚከብደኝ እርሱ አይደለም፤ እርሱ የሚገባውን አደረገ። የሚከብደኝ የከተማው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በእሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ጎረቤት የሚረዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሰኞ ግን ዱላ ይዘው ወጡ። አንድ ቀን የእናንተም ተወካይ ለማታውቁት ሩቅ ሰው ሲል እናንተን የሚያስከፍል ድምፅ ይሰጥ ይሆናል። በቀጣዩ ምርጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ከመጋረጃው ኋላ ስትቆሙ የሚያያችሁ የለም። ያን ሰው መልሳችሁ ትልኩታላችሁ?